የሾፌሩና የትኬት ቆራጩ ወገብ ልክ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት የብሪታንያ ሐኪሞችን አንድ ጥያቄ ያስጨንቃቸው ነበር። በልብ ደም ቧንቧ በሽታ የሚሞቱ የመካከለኛ ዕድሜ ወንዶች ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት ሲጨምር መንስኤው ግን በውል አይታወቅም ነበር። ሐኪሙ ጄሪ ሞሪስና የሥራ ባልደረቦቹ መልሱን የፈለጉት በሆስፒታል አልጋዎች ዙሪያ ሳይሆን በለንደን ከተማ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ ነው።

በእነዚህ አውቶቡሶች ላይ ሁለት ሠራተኞች አብረው ይውላሉ። ሾፌሩ የሥራ ሰዓቱን አብዛኛውን ክፍል ተቀምጦ ያሳልፋል። ትኬት ቆራጩ ግን ሒሳብ ለመቀበል ከታችኛው ፎቅ ወደ ላይኛው ሲወጣና ሲወርድ በቀን ከ500 እስከ 750 የሚደርሱ የደረጃ እርከኖችን ይረግጣል። ሁለቱም የሚቀጠሩት በአንድ መሥሪያ ቤት፣ የሚውሉትም በአንድ ተሽከርካሪ ውስጥ ነው። ለተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ በቀላሉ አይገኝም።

ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1949 እና በ1950 ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 64 ዓመት የሆኑ 31,000 ያህል የለንደን የትራንስፖርት ሠራተኞችን አካቶ ነበር። ትኬት ቆራጮቹ በልብ በሽታ የሚያዙት ከሾፌሮቹ ባነሰ መጠን ሆኖ ተገኘ፤ ሲታመሙም በሽታው ዘግየት ብሎ ይጀምራቸዋል፣ በአጭር ጊዜ የመግደል ኃይሉም ያነሰ ነበር። ሞሪስ ግን ውጤቱን ለማሳተም አልቸኮለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተመሳሳይ ንጽጽር አካሂዶ፣ በእግርና በብስክሌት ደብዳቤ የሚያድሉ ፖስተኞች ከስልክ ኦፕሬተሮችና ከጽሕፈት ሠራተኞች የተሻለ ጤና እንዳላቸው ከተመለከተ በኋላ ነው ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1953 በላንሴት መጽሔት የወጣው።

ወዲያውም ተገቢ ጥያቄ ተነሣ። ደረጃው ነው ትኬት ቆራጩን የጠበቀው? ወይስ ቀድሞውንም ቀጠን ያለና ጤናማ የሆነ ሰው ነው የትኬት ቆራጭነትን ሥራ የሚመርጠው? ሞሪስና ባልደረቦቹ ለዚህ መልስ ፍለጋ የሄዱት ማንም ወዳላሰበው መዝገብ ነበር፤ ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የደንብ ልብስ ሲያሰፋ የመዘገበውን ልክ አገላብጠው መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ የሾፌሮቹ ሱሪ ወገቡ ከትኬት ቆራጮቹ ይሰፋል፤ ይህም ልዩነት በወጣቶቹ ሠራተኞች ዘንድ ሳይቀር ይታይ ነበር። ስለዚህ ልዩነቱ በሙሉ ከሥራው የመጣ ነው ለማለት አልተቻለም። የራሱን ግኝት የሚያዳክም ማስረጃ ራሱ ፈልጎ ማውጣቱ ለሞሪስ ትልቅ ምስጋና የሚያሰጠው ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሠራተኞቹ በወገባቸው ልክ ተከፋፍለው ሲታዩ፣ ቀጭኑም ሆነ ቦርጫሙ ትኬት ቆራጭ ከአምሳያው ሾፌር ይልቅ ለድንገተኛ የልብ ሞት የተጋለጠው ባነሰ መጠን ነበር።

ይህ ግኝት ውፍረት ለመቀነስ የሚጥር ሰው በሚመጣበት ክፍል ውስጥ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ የተለየ ክብደት አለው። ብዙ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ከተራመደ በኋላ ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ቁጥሩ ፈቀቅ አለማለቱን ሲያይ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። የለንደኑ ቦርጫም ትኬት ቆራጭ ግን ወገቡ ሳይጎድል ልቡ ተጠቅሟል።

ሞሪስ በኋላ በቢሮ የሚውሉ 17,000 ያህል የመንግሥት ሠራተኞችን አጠና። ሰኞ ጠዋት በድንገት ወረቀት እየተሰጣቸው ያለፈውን ዓርብና ቅዳሜ በምን እንዳሳለፉ እንዲጽፉ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው ውጤት በትርፍ ጊዜ የሚደረግ ጠንካራ እንቅስቃሴም ልብን እንደሚጠብቅ አመለከተ።

ክብደትን በተመለከተ ጥርት ያለ መረጃ የተገኘው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በአሜሪካ በ27 ማዕከላት፣ የደም ስኳራቸው ከፍ ያለ ነገር ግን የስኳር ሕመምተኛ ያልሆኑ 3,234 ሰዎች ተጠንተዋል። የአኗኗር ለውጥ የተመደበላቸው ሰዎች ግብ ቀላል ነበር፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃን የመሰለ እንቅስቃሴ ማድረግ፣ ቅባትና ጠቅላላ ምግብ መቀነስ፣ ከክብደታቸውም 7 በመቶ ማውረድ። በአማካይ የቀነሱት 5.6 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ 24 ሳምንታት በኋላ ግቡን የመቱትም ግማሾቹ ነበሩ። እንዲያም ሆኖ በስኳር በሽታ የመያዝ መጠናቸው በ58 በመቶ ዝቅ አለ። ሜትፎርሚን የወሰዱት ሰዎች ቅናሽ 31 በመቶ ነበር።

ሞሪስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2009 በ99 ዓመቱ አረፈ። ያጠናቸው ትኬት ቆራጮች ግን ከእርሱ ቀድመው ከለንደን ጎዳና ጠፍተዋል። ሾፌሩ ብቻውን ሒሳብ የሚቀበልባቸው አውቶቡሶች ቀስ በቀስ ተተክተው፣ ከኋላ ክፍት የሆኑት የድሮዎቹ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች እ.ኤ.አ. በ2005 ከመደበኛ መስመር ሲወጡ፣ በቀን 500 እርከን የሚያስወጣው ሥራም አብሮ ቀረ።