ለአካል ብቃት የስፖርት መሣሪያ የግድ ያስፈልጋልን?

የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ለመጀመር የሚያስቡ ብዙ ሰዎች የጂም ወርሃዊ ክፍያ ወይም የመሮጫ ማሽን ዋጋ ከአቅማቸው በላይ ሆኖ ስለሚያገኙት ሐሳባቸውን ለሌላ ጊዜ ያሳድራሉ። በዚህ መሐል ያለ እንቅስቃሴ የሚያልፉት ዓመታት ግን ሰውነትን ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለልብ ሕመም የበለጠ ያጋልጡታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጫና ያለው፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከፍተኛ ጫና ያለው እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመከራል። በተጨማሪም ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ሊሠራ ይገባል። ይህን ለመፈጸም መሣሪያ መኖሩ እንደ ቅድመ ሁኔታ አልተቀመጠም። ቀደም ሲል እንቅስቃሴው በአንድ ጊዜ ከ10 ደቂቃ እንዳያንስ ይጠየቅ የነበረው በዚህ መመሪያ ቀርቷል። ስለሆነም ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በፍጥነት መራመድም ሆነ በሊፍት ፋንታ ደረጃ መውጣት ከሳምንቱ ድምር ይቆጠራል። የእንቅስቃሴው ጫና መካከለኛ መሆኑን ለማወቅም የልብ ምት መቁጠሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ ሰውየው እየተራመደ መነጋገር ከቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተው መጠኑ ተገቢ ነው።

የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ለልብ ጤና ያለውን ድርሻ ቀድመው ካመለከቱት ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በአውቶቡስ ላይ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ ተቀምጠው የሚውሉ ሾፌሮችን፣ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ከሚወጡና ከሚወርዱ ቲኬት ቆራጮች ጋር አነጻጽረዋል። የልብ ሕመም በቲኬት ቆራጮቹ ላይ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሾፌሮቹ ገና ሲቀጠሩ በወገባቸው ሰፋ ያሉ እንደነበሩ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በኋላ ስላሳዩ ልዩነቱ ሁሉ ከደረጃው የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ይሁንና ከዚያ ወዲህ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች የእንቅስቃሴን ጥቅም አረጋግጠዋል።

መሣሪያ ያስፈልጋል የሚለው አስተያየት ይበልጥ የሚሰማው ስለ ጡንቻ ጥንካሬ ሲነሳ ነው። ጡንቻ የሚጠነክረው ከለመደው ከፍ ያለ ጫና ሲያርፍበትና ከዚያም በቂ ዕረፍትና ምግብ ሲያገኝ ነው። ጫናው ከብረት ይምጣ ከራስ ክብደት ዋናው ጉዳይ በየጊዜው ቀስ በቀስ መጨመሩ ነው። ለምሳሌ ፑሽ አፕ ከባድ የሆነበት ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይጀምራል፤ ሲለምደው ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ ቀጥሎም መሬት ላይ ይሠራል። ቁጭ ብድግም እንዲሁ መጀመሪያ ከወንበር ላይ በመነሳት፣ ከዚያ ያለ ወንበር፣ በኋላም ክብደት ይዞ ሊሠራ ይችላል። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ ወደ 5 ኪሎ ግራም፣ ባለ 20 ሊትሩ ደግሞ ወደ 20 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን የውሃውን መጠን በመለዋወጥ ክብደቱን እንደ አቅም ማስተካከል ይቻላል። ሲነሳ ጉልበትን አጥፎ፣ ጀርባን ሳያጎብጡ፣ ጀሪካኑን ወደ ሰውነት አስጠግቶ መሆን አለበት። ከሩቅ ምንጭ በየዕለቱ ውሃ ለምትቀዳ እናት ግን ይህ ምክር አይመለከታትም፤ እርሷ ይበልጥ የሚያስፈልጋት ዕረፍትና የተመጣጠነ ምግብ ነው።

ያለ መሣሪያ ለመሥራት አስቸጋሪው የጀርባና የክንድ መሳብ ነው። ለዚህም ክብደትን የሚችል አግዳሚ ብረት ወይም በዝቅተኛ ዋጋ የሚገኝ የላስቲክ መሳቢያ ይበቃል።

ከሁሉም ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ግዢ ምቹ ጫማ ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማሸነፉ ቢታወቅም፣ ለዚያ የበቃው በረጅም ልምምድ ነው። በተለይ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች የእግራቸው ስሜት ሊቀንስና ቁስሉ ሳይታወቅ ሊባባስ ስለሚችል በባዶ እግር እንቅስቃሴ ማድረግ የለባቸውም። በአንጻሩ በሆድ ላይ የሚታሰሩ የማላቢያ ቀበቶዎች ገንዘብ ሊወጣባቸው አይገባም። በላብ የሚወጣው ውሃ እንጂ ስብ ባለመሆኑ የቀነሰው ክብደት ውሃ ሲጠጣ ይመለሳል።

መሣሪያ በእርግጥ የሚጠቅምባቸው ሁኔታዎች አሉ። ከጉዳት ወይም ከስትሮክ የሚያገግሙ ሰዎች በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ክትትል፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ደግሞ ባለበት በሚሽከረከር ብስክሌት ሊረዱ ይችላሉ። መንገዱ ለእግረኛ አስጊ በሆነበት አካባቢም በቤት ውስጥ የሚሠራ ማሽን ምክንያታዊ ምርጫ ነው። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ከውድቀት ለመጠበቅ በሳምንት ሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ የሰውነት ሚዛንን የሚያዳብር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመከራል፤ የማይንሸራተት ወንበር ይዞ በአንድ እግር መቆም ለጀማሪ ይበቃል።

የልብ ሕመም ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎችና ነፍሰ ጡር እናቶች አዲስ እንቅስቃሴ ከመጀመራቸው በፊት የጤና ባለሙያ ሊያማክሩ ይገባል። በእንቅስቃሴ ወቅት የደረት ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን የመሳት ስሜት ካጋጠመ ወዲያውኑ አቁሞ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።