ባስ ጊታር፤ ሸክሙና ዕዳው

የባስ ጊታር ታሪክ ዘወትር የሚተረከው በዝነኛ ተጫዋቾች ስምና በታወቁ ሸክላዎች አማካይነት ነው። ነገር ግን መሣሪያው ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ እንዲይዝ ያደረጉት ምክንያቶች በአብዛኛው ከስቱዲዮ ውጭ የሚገኙ ናቸው። ቀን በፋብሪካ ወይም በመጋዘን ውሎ ማታ በሠርግና በዳንስ አዳራሽ የሚጫወት ሰው፣ በትከሻው ምን ያህል ክብደት ሊያነሣ እንደሚችል፣ ከደመወዙ ምን ያህሉን ለዱቤ ሊያውል እንደሚችል፣ ከከበሮው አጠገብ ሲቆምም ድምፁ ይሰማ እንደሆነ ማሰቡ አይቀርም። ባስ ጊታርም የተወለደውና ያደገው በዚሁ ሐሳብ ውስጥ ነው። ለዚህም ከአሜሪካ የመነጨው መሣሪያ በብሪታንያ አማተር ባንዶች እጅ የገባበት ጊዜ፣ ይኸውም ከ1956 እስከ 1963 ዓ.ም. ድረስ ያለው ዘመን፣ በቂ ምስክር ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከባስ ጊታር በፊት የወፍራሙን ድምፅ ሥራ ያከናውን የነበረው ደብል ባስ ነው። ይህ ታላቅ የክር መሣሪያ ቁመቱ ከሰው ቁመት አያንስም፤ በመኪና ሲጓጓዝም የበርካታ ሰዎችን ቦታ ይይዛል። በዚያ ላይ ኤሌክትሪክ ጊታርና ጠንካራ ከበሮ በዳንስ ባንዶች ዘንድ እየተለመዱ ሲሄዱ ድምፁ ፈጽሞ ተዋጠ። በሲያትል ከተማ የሙዚቃ መምህር የነበረው ፖል ተትማርክ በ1936 ዓ.ም. ገደማ እንደ ጊታር በአግድም የሚያዝ፣ ፍሬት ያለውና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባስ ሠርቶ «ኦዲዮቮክስ 736» በሚል ስም ለገበያ አቅርቦ ነበር። ለዚህ ሥራ ያነሣሣው፣ ባሲስቱ ከጓደኞቹ ተለይቶ ከመሣሪያው ጋር ብቻውን በመኪና ሲጓዝ ማየቱ እንደሆነ ይነገራል። ሐሳቡ ትክክለኛ ቢሆንም ጊዜው ገና ስለ ነበር የተሸጠው ቁጥር ጥቂት ሆኖ ቀረ።

ነገሩን ወደ ፍሬ ያደረሰው በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር በፉለርተን ከተማ ሬዲዮ ይጠግን የነበረው ሊዮ ፌንደር ነው። ፌንደር ጊታር መጫወት አያውቅም ነበር። የሙዚቀኞችን ብሶት ግን ሬዲዮ ሊያስጠግን እንደ መጣ ደንበኛ ቅሬታ በጥሞና ያዳምጥ ነበር። በ1951 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ያወጣው ባስ አካሉ ያልተቦረቦረ እንጨት፣ ክሮቹ አራት፣ የክሩም ርዝመት 34 ኢንች ወይም 86 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። «ፕሪሲዥን» ማለትም «ትክክለኛነት» ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንገቱ ላይ የተሰኩት ፍሬቶች ጣት በግምት ሳይሆን በተወሰነለት ቦታ እንዲያርፍ ስለሚያደርጉ፣ ጊታር የሚያውቅ ሰው ለዓመታት ሳይማር ወደ ባስ ሊሸጋገር ቻለ። በሊዮኔል ሃምፕተን ባንድ ውስጥ የነበረው መንክ ሞንትጎመሪ ይህን መሣሪያ በ1953 ዓ.ም. ይዞ አውሮፓን ዞሯል። ለብዙ ዓመታትም ሙዚቀኞች የማንም ፋብሪካ ሥራ ይሁን «ፌንደር ባስ» እያሉ ይጠሩት ነበር። ሆኖም ከዚሁ ምቾት አንድ ጉዳት ተከተለ። ጊታረኛ በቀላሉ ባሲስት ሊሆን የሚችል ከሆነ፣ ባሲስት ማለት በጊታር ያልተሳካለት ሰው ነው የሚል ንቀት ተወለደ፤ ሙያውም ይህን ስድብ ከራሱ ላይ ለማራገፍ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል።

መሣሪያው ቀለለ፤ ሸክሙ ግን አልጠፋም፤ ወደ አምፕሊፋየሩ ተዛወረ። ይህ ነጥብ በብዙ ጽሑፎች ስለሚዘለል ጥቂት ማብራሪያ ይገባዋል። ዝቅተኛው የባስ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የሰው ጆሮ ደግሞ እንዲህ ላለ ዝቅተኛ ድምፅ ደካማ ነው። ስለዚህ ባስ ከጊታር እኩል እንዲሰማ ከጊታሩ ብዙ እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማም ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። የእስፒከሩ ሣጥን በበኩሉ የራሱ ጽኑ ሕግ አለው። የሣጥን ትንሽነት፣ የድምፅ ጥልቀትና በጥቂት ኃይል ብዙ መጮኽ፣ ሦስቱ በአንድ ቦታ አይገኙም፤ ሁለቱን የፈለገ ሦስተኛውን ይተዋል። ፌንደር በ1952 ዓ.ም. ለባሱ ተጓዳኝ እንዲሆን ያወጣው «ባስማን» የተባለው አምፕሊፋየር አንድ ባለ 15 ኢንች እስፒከር ብቻ ስለ ነበረው ኃይለኛ ከበሮ መቺ ካለበት ባንድ ጋር ሊወዳደር አልቻለም። በኋላ አራት ባለ 10 ኢንች እስፒከር ተደርጎለት ሲወጣ ደግሞ ጊታረኞች ወደዱትና የባሲስቱን ዕቃ ለራሳቸው ወሰዱት። በለንደን የሙዚቃ መሣሪያ መደብር የነበረው ጂም ማርሻልም በ1962 ዓ.ም. የመጀመሪያውን አምፕሊፋየር ያሠራው ይህንኑ መሠረት አድርጎ ነው። የሮክ ጊታር ታላቅ ጩኸት ምንጩ ለባስ ታስቦ የተሠራ ዕቃ መሆኑ ለባሲስቶች ብዙም የሚያስደስት አይደለም።

በብሪታንያ ነገሩ የተጀመረው ከዚህ ሁሉ በራቀ ድህነት ውስጥ ነው። የሎኒ ዶኔገን ሸክላ በ1956 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተወዳጅነት ካገኘ በኋላ «ስኪፍል» የተባለው ሙዚቃ በወጣቶች መካከል እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ለስኪፍል አንድ ርካሽ ጊታር፣ አንድ የልብስ ማጠቢያ ቆርቆሮና ለባስ ደግሞ ባዶ የሻይ ቅጠል ሣጥን ይበቃል። ሣጥኑ ይገለበጣል፤ በላዩ ላይ የመጥረጊያ እጀታ ይቆማል፤ ከእጀታው ጫፍ እስከ ሣጥኑ ክዳን አንድ ገመድ ይወጠራል። ተጫዋቹ እጀታውን ወደ ኋላ እየሳበ ወይም እየለቀቀ ድምፁን ያቀጥነዋል፣ ያወፍረዋል። ድምፁ ከቃና ይልቅ ለምት የቀረበ ነበር። በሊቨርፑል በትምህርት ቤት ጓደኞች የተቋቋመውና በኋላ ቢትልስ ለመሆን የበቃው ኳሪመን የተባለው ቡድን ጉዞውን የጀመረው በዚሁ ሣጥን ነው።

ከሣጥኑ ወደ እውነተኛው ባስ መሻገር ግን ቀላል አልነበረም። የብሪታንያ መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ለመቆጠብ ሲል የአሜሪካ የሙዚቃ መሣሪያ ወደ አገር እንዳይገባ ከ1951 እስከ 1959 ዓ.ም. አግዶ ነበር። ዕገዳው ከተነሣ በኋላም የፌንደር ባስ ዋጋ ወደ 100 ፓውንድ ይደርስ ስለ ነበር፣ ለአንድ ተማሪ ወይም ወጣት ሠራተኛ በመስኮት ከማየት ያለፈ ተስፋ አልነበረውም። ክፍተቱን የሞሉት የአውሮፓ ፋብሪካዎች ናቸው። በ1887 ዓ.ም. በቦሄሚያ ተመሥርቶ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ባቫሪያ የተዛወረው የሆፍነር ፋብሪካ ቫዮሊን ይሠራ የነበረ እንደ መሆኑ፣ ዋልተር ሆፍነር በ1955 ዓ.ም. የነደፈው ባስ በቫዮሊን ቅርጽ የተሠራ ነበር። ውስጡ ክፍት፣ ክሩ 30 ኢንች ብቻ፣ ክብደቱም ከ2 ኪሎ ተኩል የማይበልጥ ሲሆን፣ ፕሪሲዥን ባስ ግን ወደ 4 ኪሎ ይመዝን ነበር።

ባስ የመጫወቱ ዕጣ ለማን ይውጣ የሚለው ጥያቄ ዕቃ ከመግዛቱ ያልተናነሰ ክርክር ያስነሣ ነበር። ሥዕል ይማር የነበረው ስቱዋርት ሳትክሊፍ በሊቨርፑል በተደረገ ኤግዚቢሽን አንድ ሥዕሉ በ65 ፓውንድ ሲሸጥለት፣ ጓደኞቹ ገንዘቡን በባስ ላይ እንዲያውል ወተወቱት። በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም የሆፍነር ባስ ያዘ። ሰዓሊነቱ ከሙዚቀኛነቱ የበለጠ ስለ ነበር በ1961 ዓ.ም. ባንዱን ትቶ በሐምቡርግ ወደ ሥዕሉ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ወር በ21 ዓመቱ አረፈ። ባሱን የተረከበው ፖል ማካርትኒ ነው። እርሱ ራሱ ከጊዜ በኋላ እንዳስረዳው፣ በዚያን ጊዜ ባስ የሚባለው ከኋላ ለሚቆም ወፍራም ልጅ የሚሰጥ ሥራ ነበር፤ ማንም አይመኘውም።

ማካርትኒ በዚያው ዓመት በሐምቡርግ ወደ አንድ መደብር ገብቶ የቫዮሊን ቅርጽ ያለውን ሆፍነር ገዛ። የከፈለው 30 ፓውንድ ገደማ ነው። ግራኝ ስለ ሆነ፣ የሁለቱ ጎኖች ቅርጽ እኩል የሆነ መሣሪያ ሲገለበጥ እንግዳ እንደማይመስል ታይቶታል። እንግዲህ በኋላ በዓለም ሁሉ የታወቀው ድምፅ የተመረጠው በዋጋው፣ በመልኩና በግራኝነት ምክንያት ነው፤ ስለ ድምፁ የተደረገ ምርመራ አልነበረም። ምርጫው ዋጋ አላስከፈለም ማለት ግን አይቻልም። አካሉ ክፍት የሆነ ባስ ድምፁ ክብና አጭር ነው፤ አምፕሊፋየሩ ከፍ ሲደረግም ቶሎ ማስተጋባት ይጀምራል። በሌላ በኩል ሌሊቱን በሙሉ ለሰዓታት ቆሞ ለሚጫወት ወጣት፣ በአንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ዕቃ የአንድ ኪሎ ተኩል ልዩነት ተራ ነገር አይደለም።

በሊቨርፑል የቀረው ችግር የማሰማቱ ነበር። በገበያ ላይ የነበሩት ትናንሽ አምፕሊፋየሮች ባስ ሲጫወትባቸው እስፒከራቸው ይቀደድ ነበር። «ቢግ ስሪ» የተባለው የሦስት ሰዎች ባንድ ኃይለኛ ከበሮ መቺ ስለ ነበረው፣ ጊታረኛው ኤድሪያን ባርበር መፍትሔውን በገዛ እጁ ፈለገ። ባለ 15 ኢንች እስፒከር የያዘ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ሠራ፤ መልኩን ያዩ ሰዎች «የሬሣ ሣጥን» አሉት፤ ስሙም በዚሁ ጸና። ለሌሎች ባንዶችም ሠርቶላቸዋል፤ ማካርትኒም ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ነበር። ይህን ሣጥን በኬቨርን ክለብ ጠባብ የድንጋይ ደረጃ ወደ ምድር ቤቱ የማውረዱን፣ ከዝግጅቱም በኋላ መልሶ የማውጣቱን ድካም የሙያው ሰው ሳይነገረው ይረዳዋል።

የቢል ዋይማን ታሪክ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ለአማተሩ ሰው ቅርብ ነው። ዋይማን በደቡብ ለንደን በአንድ የምሕንድስና ድርጅት ይሠራ የነበረ፣ ሚስትና ሕፃን ልጅ ያለው ሰው ነበር። በ1961 ዓ.ም. በ8 ፓውንድ አሮጌ ባስ ገዛ። የመሣሪያው አካል ስላላማረው በመጋዝ ቆርጦ አሳነሰው፤ የፍሬቶቹ መንቀጥቀጥ ስላስቸገረው አዲስ ለማስገባት አስቦ ሁሉንም ነቀላቸው። ፍሬት የሌለው አንገት የሚሰጠውን ለስላሳ ድምፅ ሲሰማ ግን አዲሶቹን ሳያስገባ ቀረ። ፍሬት አልባ ባስ በፋብሪካ ተሠርቶ ለገበያ ከመቅረቡ ከዓመታት በፊት፣ በአንድ ሠራተኛ ቤት በቁጠባ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው። በታኅሣሥ ወር 1962 ዓ.ም. ሮሊንግ ስቶንስ ለተባለው አዲስ ባንድ ለፈተና በቀረበ ጊዜ፣ ከጣቶቹ ይልቅ የወጣቶቹን ዓይን የሳበው ይዞት የመጣው ቮክስ አምፕሊፋየርና ትልቁ የእስፒከር ሣጥን እንደ ነበር በሰፊው ይታወቃል። እነርሱ ከእርሱ በዕድሜ ያነሱ ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ዕቃም አልነበራቸውም። ደመወዝ ያለው ሰው ዕቃ አለው፤ ዕቃ ያለው ሰው ደግሞ ቦታ ያገኛል። በአማተር ባንዶች ዓለም ይህ ዛሬም የሚታይ ነው።

በአሜሪካ በዚያው ጊዜ አምፔግ የተባለው ኩባንያ በ1960 ዓ.ም. «ቢ-15» የተባለውን አምፕሊፋየር አወጣ። የኤሌክትሪኩ ክፍል ለጉዞ ሲባል ተገልብጦ ወደ ሣጥኑ ውስጥ ይገባ ነበር። የሞታውን ኩባንያ ታላቅ ባሲስት ጄምስ ጄመርሰን ከፕሪሲዥን ባሱ ጋር ይጠቀምበት ነበር፤ ኃይሉ 25 ዋት ያህል ብቻ ነው። በ1969 ዓ.ም. ይኸው ኩባንያ ለታላላቅ መድረኮች ያወጣው «ኤስቪቲ» ደግሞ 300 ዋት ሲሆን፣ ያለ እስፒከር ሣጥኑ ወደ 40 ኪሎ ይመዝን ነበር። ብዙ አማተሮች የዝነኞቹን አርአያ ተከትለው ይህን ዕቃ ገዝተው ወገባቸውን ጎድተዋል፤ ለአንድ መለስተኛ የሠርግ አዳራሽ ግን የመጀመሪያው ሳይሻል አይቀርም።

በኢትዮጵያ ጥያቄው የተነሣው በሌላ መልክ ነው። በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ውስጥ መሣሪያው የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ስለ ነበር፣ ተጫዋቹ የተሰጠውን ይዞ ይጫወታል እንጂ ልምረጥ አይልም። የግል ባንዶች በሆቴሎችና በክለቦች ሲበዙ የዕቃ ባለቤትነት የነፃነት ጥያቄ ሆነ። የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ባሲስት ጆቫኒ ሪኮ፣ የዋሊያስ ባንዱ መላኩ ገብሬም በዚህ ዘመን የበቀሉ ናቸው። ዋሊያስ በ1981 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተጓዘ በኋላ መላኩና ጥቂት ጓደኞቹ በዚያው ቀሩ። ከእነርሱም የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ለዓመታት ሲኖር፣ ኪቦርዱን በመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ይለማመድ ነበር። ባስ ቢሆን ኖሮ፣ መሣሪያው ቢገባም አምፕሊፋየሩ ለሻንጣ ቦታ አያስተርፍም ነበር።

ይህ የመጨረሻው ችግር አሁን ተቃልሏል። ከ2000ዎቹ ዓመታት ወዲህ አዲሱ የኃይል አሠራርና ኒዮዲሚየም የተባለው ቀላል ማግኔት በመለመዳቸው፣ ሦስት ኪሎ የማይሞላ አምፕሊፋየር 500 ዋት ሊሰጥ ችሏል። የሣጥኑ ሕግ ግን አልተሻረም። ትንሽ ሣጥን ይዞ የሚመጣ ባሲስት ዛሬም የድምፁን ጥልቀት ወይም ጩኸቱን ይተዋል፤ ስለዚህ ገንዘቡ ውሱን የሆነ ሰው ከጌጠኛ ባስ ይልቅ በደህና እስፒከር ላይ ቢያወጣው ይጠቀማል።

የማካርትኒ የ30 ፓውንድ ሆፍነር በ1972 ዓ.ም. በለንደን ከአንድ የዕቃ መኪና ውስጥ ተሰረቀ። ከ50 ዓመታት በኋላ ፍለጋ ሲጀመር መሣሪያው በአንድ ቤት ውስጥ ተገኝቶ ለባለቤቱ ተመለሰ፤ ዜናውም በየካቲት ወር 2024 ዓ.ም. ይፋ ሆነ። መጠገን ያስፈልገው ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ማካርትኒ በለንደን መድረክ ላይ ይዞት ቀርቦ ተጫወተበት።