የካንሰር ታካሚ የኑሮ ጥራት እንዴት ይለካል?

የካንሰር ሕክምና ውጤት የሚታየው በዕጢው መጠን ብቻ አይደለም። ታካሚው ሌሊት ይተኛል? ምግብ ይበላለታል? ራሱን ችሎ ይታጠባል? ከሰው ጋር ይጫወታል? ይህ ሁሉ ተደምሮ የኑሮ ጥራት ይባላል። የደም ምርመራም ሆነ ራጅ አያሳየውም፤ የሚያውቀው ታካሚው ነው።

በብዛት ከሚሠራባቸው መለኪያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው የአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅት መጠይቅ ነው። በአማርኛ ተተርጉሞ በአገራችን ታካሚዎች ላይም ተፈትሿል። ከ30 ጥያቄዎቹ አብዛኞቹ ያለፈውን አንድ ሳምንት ይመለከታሉ። ለ28ቱ ከ«በፍጹም» እስከ «በጣም ብዙ» ካሉት አራት መልሶች አንዱን ይመርጣሉ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ደግሞ ለአጠቃላይ ጤንነትዎና ለኑሮዎ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጣሉ።

ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ይሰላል። ነገር ግን 100 ለአቅም ጥሩ ሲሆን ለሕመም ምልክት መጥፎ ነው፤ ስለዚህ ቁጥር ሲነገርዎ የምን ቁጥር እንደሆነ ይጠይቁ። ማለፊያ ነጥብ የለውም። የሚጠቅመው ከኬሞቴራፒ በፊት የሰጡትን መልስ ከጥቂት ዙር በኋላ ከሰጡት ጋር ማወዳደሩ ነው።

«እንዴት ነዎት?» ስንባል «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» እንላለን። ሌሊቱን ሲያመው ያደረ ሰውም እንዲሁ ይላል። ምስጋናው ይሁን፤ መጠይቁ ላይ ግን «በጣም ብዙ» የሆነውን «በጣም ብዙ» ማለት ማማረር አይደለም። ሐኪሙ ማስታገሻውን ወደ ሞርፊን ከፍ ለማድረግ ወይም የማቅለሽለሽ መድኃኒት ለመጨመር የሚነሳው ከዚያ መልስ ነው። «ደከመኝ ካልኩ ሕክምናውን ያቋርጡብኛል» ብለው የሚሰጉ አሉ። ብዙውን ጊዜ የሚከተለው ማቋረጥ ሳይሆን ማስተካከል ነው።

ጥቅሙ ከምቾት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነ የአሜሪካ ጥናት ካንሰራቸው የተሰራጨ 766 ታካሚዎች ተካተዋል። የሕመም ምልክታቸውን በየጊዜው ራሳቸው ያስመዘገቡት በመካከለኛ ስሌት 31.2 ወር፣ በተለመደው መንገድ የታከሙት 26 ወር ኖረዋል። መጠይቁ ሌላ ቢሆንም መንገዱ አንድ ነው፦ ችግሩ ሳይብስ ይሰማል።

ቤተሰብ ስለ ታካሚው አይመልስ። ማንበብ ለማይችል ሰው ጥያቄውን እንደተጻፈው አንብቡለትና ጠብቁት። ሐዋሳ ለሕክምና የምትመጣ፣ ከሲዳሙ አፎ ሌላ የማትናገር እናት በልጇ አስተርጓሚነት ስለ ሽንት ቤት ወይም ስለ ትዳር አልጋ አትናገርም። የጡት ካንሰር ተጨማሪ መጠይቅ ደግሞ ይህንኑ ይጠይቃል። ቋንቋውን የምትችል ሲስተር እንድታነጋግራት ጠይቁ፤ እናንተ ውጭ ቆዩ።

በእኔ ግምት በቸልታ የሚታለፈው 28ኛው፣ የገንዘብ ችግርን የሚጠይቀው ነው። ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው መሳፈሪያና ማደሪያ አጥቶ ቀጠሮውን ቢያስቀር፣ ሐኪሙ ምክንያቱን በሌላ መንገድ ላያውቅ ይችላል።

መጠይቁን የማይጠብቅም አለ። በኬሞቴራፒ ላይ ሆነው ትኩሳትዎ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።