«አልነሳም አለች» ስንል

ባለፈው ሳምንት መኪናዬ ጠዋት ጠዋት አልነሳም እያለች አስቸገረችኝ። አንዱ «ባትሪ ነው» አለኝ፤ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። በማግስቱም ያው። መጨረሻ ላይ ጋራዥ ለሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ ደወልኩ። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ቲቸር፣ ሞተሩ ይዞራል ወይስ ጭራሽ አይዞርም?» አለኝ።

ይቺ ጥያቄ የራሷ ታሪክ አላት። የታሪክ መምህር ሆኜ እንዴት ዝም ብዬ ልለፋት?

እ.ኤ.አ. ከ1912 በፊት ብዙም ትርጉም አልነበራትም፤ ሞተሩን የሚያዞረው ራሱ ሰው ነበርና። ሹፌሩ ከመኪናው ፊት ቆሞ፣ ማዞሪያ ብረት ሰክቶ በጉልበቱ ያዞራል። አደገኛ ሥራ ነው። እሳቱ ያለጊዜው ከተለኮሰ ብረቱ ወደ ኋላ ይመልስና እጅ ይሰብራል። አውራ ጣትን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አድርጎ መያዝ የተለመደው ለዚሁ ነው። ግን ያ እጅ መርማሪም ነበር። እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን ሲያምቅ ክብደቱ ይሰማዋል። አንዱ ጋ ሲደርስ ከቀለለው፣ ቫልቩ ወይ የፒስተኑ ፋሻ እንደሚያሳልፍ ይጠረጥራል። ክብደቱ ደህና ሆኖ ካልተነሳ ደግሞ ነዳጁንና እሳቱን ያያል።

በ1912 ሞዴሉ ካዲላክ የቻርልስ ኬተሪንግን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ይዞ ወጣ። ኬተሪንግ ቀደም ሲል የሱቅ ሂሳብ መቀበያ ማሽን በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ያደረገ ሰው ነው። ትንሽ ሞተር ለአፍታ ብቻ ከሆነ ከአቅሟ በላይ መሥራት እንደምትችል ያውቅ ነበር። የሹፌሮች እጅ ተረፈ። አንድ የነበረው በሽታ ግን ሁለት ሆነ፦ ጭራሽ የማይዞር፣ እና እየዞረ የማይነሳ። የመጀመሪያው በአብዛኛው የባትሪ፣ የገመድ፣ የሞተሪኖ ጣጣ ነው። ሁለተኛው የነዳጅ፣ የካንዴላ፣ የኮምፕሬሽን። (ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን... ጋራዥ ውስጥ የቀረው ጣሊያንኛ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ሌላ ቀን።) እኛ ግን ዛሬም ሁለቱንም «አልነሳም አለች» ብለን እናልፋለን። ባትሪ ሻጭ ደስ ይለዋል።

«አይዞርም፤ ቀጭ ብሎ ዝም ነው» አልኩት። መጣ። ባትሪውን ትቶ ከነጌቲቩ ወደ ሻንሲው የሚሄደውን ገመድ ፈታ። ጫፉ ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መልሶ አጠበቀው። በአንድ ቁልፍ ተነሳች!

አሮጌውን ባትሪ ሲለካው 12.6 ቮልት አሳየ። የራሱ መኪና ላይ አስሮም አስነሳበት። አሁን ኮሪደሬ ላይ ተቀምጧል፤ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።