ከሩንዳ ያመጣኋት የልጅ ሱሪ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ሻይ አፍልታችሁ አንብቡት።

ሩንዳን ለማታውቁት፦ በናይሮቢ በስተሰሜን፣ ከጊጊሪው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ አጠገብ ያለ፣ ዱሮ የቡና እርሻ የነበረ፣ ዛሬ የባለጸጎችና የዲፕሎማቶች ሰፈር ነው። እኔ የማውቀው በካውያ በኩል ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከኢስሊ ማታቱ ቀያይሬ እሄዳለሁ፤ ዘበኛው ወረቀቴን አገላብጦ ሲያስገባኝ የአንድ ቤተሰብ ልብስ ስተኩስ እውላለሁ። ባለፈው ሳምንት ማዳም ልጆቿን የጠበባቸውን ልብስ በሁለት ፌስታል ሞልታ «ለሚያስፈልገው ስጪልኝ» አለችኝ። ማታ ቤቴ ስዘረግፈው ከአንዲት የልጅ ሱሪ ወገብ ላይ «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ» የሚል ምልክት አየሁ። ቁጭ አልኩ።

ታናሽ እህቴ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋ እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ግን ሀገር ቤት ላላችሁት ዘመዶቼ አንድ ነገር ልበል። «ናይሮቢ ልብስ ርካሽ ነው አሉ፤ አንድ ቦንዳ ላኪልንና እንነግድበት» እያላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። እምቢ ስላችሁ በንፍገት አትዩት። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ክልክል ነው። በሞያሌ በኩል በኮንትሮባንድ ሲገባ ተያዘ የሚለውን ዜና እናንተው ትሰማላችሁ። ታዲያ እኛ ሳልባጅ የምንለውን ኬንያውያን ሚቱምባ ብለው በጠራራ ፀሐይ ጊኮምባ ላይ የሚቸበችቡት ለምንድን ነው? አንዱ ሀገር የዘጋውን በር ሌላው ለምን ከፈተው? ይህን ለማወቅ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በ1903 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሮበርት ስኪነር የሚባል የአሜሪካ ቆንስል በጅቡቲ በኩል አድርጎ አዲስ አበባ ገባ፤ ከዐፄ ምኒልክ ጋርም የንግድ ውል ተፈራረመ። ያን ሁሉ በረሃ ካቋረጠባቸው ጉዳዮች ዋናው አቡጀዲ ነበር። የአሜሪካ የጥጥ ጨርቅ ያኔ በኢትዮጵያ ገበያ በብዛት ይሸጥ ነበር። ስዋሂሊዎቹ እንዲያውም ጨርቁን በአገሩ ስም «መሪካኒ» ብለውታል። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1908፣ ከፈረንሳይ ጋር የክሎቡኮቭስኪ ውል የሚባለው ተፈረመ። በዚያ ውል ኢትዮጵያ በገቢ ዕቃ ላይ የምትጥለው ቀረጥ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ሌሎቹም መንግሥታት እየተከተሉ በዚያው ተጠቀሙ። እንግዲህ አስቡት፤ አድዋ ላይ ያሸነፈ መንግሥት ሸማኔውን ከባሕር ማዶ ጨርቅ ልጠብቅ ቢል ቀረጥ መጨመር አይችልም። ቀረጡን ያለ ጌታ መወሰን የተቻለው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። እነ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ (በ1961 በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው) የቆሙት ከዚያ ወዲህ ነው። ልባሽ ጨርቅ አይግባ የሚለው ክልከላም የሚጠብቀው እንዲህ ያሉትን ፋብሪካዎች ነው።

ኬንያም ከነጻነት በኋላ በሩን ዘግታ ፋብሪካ አቁማ ነበር። ኪሱሙ ላይ ኪኮሚ፣ ኤልዶሬት ላይ ሪቫቴክስ ነበሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አበዳሪዎቹ ገበያችሁን ክፈቱ ሲሉ ተከፈተ። ቦንዳው ጎረፈ፤ ኪኮሚ ተዘጋ፣ ሪቫቴክስም ወድቆ ቆይቶ በ2007 ሞይ ዩኒቨርሲቲ ገዛው። በዕድሜ የገፉ የኪሱሙ ሰዎች ስለዚያ ፋብሪካ ሲያወሩ ስለ ሞተ ዘመድ የሚያወሩ ይመስላል። ሁሉንም የገደለው ሚቱምባ ብቻ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ያረጀ ማሽንም፣ የመብራት ዋጋም፣ ሙስናም፣ ርካሽ አዲስ ልብስም ነበረበት።

አሁን ልብ በሉ። ኬንያ ገበያዋን በከፈተችበት በዚያው ዘመን፣ በ1994፣ አሜሪካ በኬንያ ሸሚዝና የትራስ ልብስ ላይ ኮታ ጣለች። የትራስ ልብስ! ከዚህ በላይ አትላኩ ማለት ነው። ይህን ያስቻለው ከ1974 ጀምሮ የነበረ የሀብታም ሀገሮች ስምምነት ነው። ከድሃ ሀገር የሚመጣ ጨርቅ «ገበያችንን አናወጠ» ባሉ ጊዜ በሀገርና በዓይነት እየለዩ መጠኑን መገደብ ይችሉ ነበር። ስሙ መከላከያ እርምጃ ነው፤ ጊዜያዊ ይባላል፣ ግን 30 ዓመት ቆየ። በ2005 መጀመሪያ ሲያበቃ የቻይና ልብስ አውሮፓን አጥለቀለቀው፤ በዚያው ዓመት ኮታው ተመልሶ መጣና በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሹራብ፣ ሱሪና ጡት መያዣ ወደብ ላይ ታግዶ ከረመ። ነጮቹ ሲያደርጉት ሕጋዊ ነው፣ ወረቀት አለው።

የኬንያው ኮታ የተነሳው አጎዋ በ2000 ሲመጣ ነው። አጎዋ ከአፍሪካ የሚሄድ ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የፈቀደ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠውም የሚነጥቀውም የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው።

የነጠቃው ነገር ጎልቶ የታየው እዚሁ በእኛ አካባቢ ነው። መጋቢት 2016 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ መሪዎች አሩሻ ላይ ተሰብስበው ልባሽ ጨርቅን እስከ 2019 ድረስ ቀስ በቀስ እናስቀራለን አሉ። በዓመቱ የአሜሪካ የልባሽ ጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር ለመንግሥቱ አቤት አለ፤ 40,000 አሜሪካውያን ሥራቸው አደጋ ላይ ነው ሲል። ለሌላው ሰው የሚጣል ልብስ ይመስለዋል፤ ለእነሱ ለቀማው፣ ማጠሩ፣ ማሰሩና መላኩ እንጀራ ነው። አሜሪካም አጎዋን አነሳዋለሁ አለች። ኬንያ በዓመት ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ልብስ በአጎዋ ትልክ ስለነበር ቶሎ አፈገፈገች። ሩዋንዳ ብቻ ቀረች። ቀረጡን በኪሎ ከ20 ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ከ50 አድርሳ ነበር፤ አልቀንስም አለች። ሐምሌ 30 ቀን 2018 ልብሷ ከአጎዋ ታገደ።

ያኔ ለሩዋንዳ አጨብጭቤያለሁ። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የምበላው ከሚቱምባ ነበር። የሥራ ፈቃድ የሌለው ስደተኛ ኢስሊ ውስጥ ሌላ ምን ይሠራል? ሌሊት 11 ሰዓት ጊኮምባ ወርጄ ቦንዳ ሲፈታ እሻማለሁ፣ አጥቤ፣ ተኩሼ (ካውያ የለመድኩት ያኔ ነው) መንገድ ዳር እዘረጋለሁ። በ2020 የጸደይ ወራት በኮሮና ምክንያት ኬንያ ልባሽ ጨርቅ እንዳይገባ ስታግድ፣ እገዳው እስከተነሳበት እስከ ነሐሴ ድረስ በእጃችን የነበረው አለቀ፣ የቀረው ዋጋው ሰማይ ነካ። ሦስት ወር የቤት ኪራይ ተከመረብኝ። በፌስቡክ «የአፍሪካ ፋብሪካ ይነሳ» እያልኩ እጽፋለሁ፣ ማታ ደግሞ «ጌታ ሆይ ኮንቴይነሩን አስገባልን» እያልኩ እጸልያለሁ። የሳቃችሁ ሳቁ፤ እውነቱ ይህ ነው።

አሁን ወደ ሐዋሳ ልመለስ። ፓርኩ የተመረቀው በ2016 ነው። የልጆቹ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፤ አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። እህቴ ግን ከዚያችው ላይ ለእናታችን ትልክ ነበር። ጦርነቱ መጣ። ስደት ላይ ካለነው ብዙዎቻችን መንግሥት ላይ ጫና ይደረግ ብለን ጮኽን፤ እኔም በዚሁ ገጽ ጽፌያለሁ፣ ፊርማም አሰባስቤያለሁ። አሜሪካ በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ኢትዮጵያን ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ አስወጣች። ፒቪኤች የሚባለው ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ ቀድሞ፣ በኅዳር 2021፣ የሐዋሳ ፋብሪካውን እዘጋለሁ ብሎ ነበር። የእህቴ ፋብሪካ ሌላ ነው፤ እሱም ትእዛዝ ሲጠፋ ሠራተኛ ቀነሰ፣ እሷም ከተቀነሱት አንዷ ሆነች። የጮኽኩት ስለ ሰው ሕይወት ስለነበር ዛሬም አልጸጸትም። ግን ያ ጩኸት በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ያኔ አላሰብኩም፤ ለእሷም እስካሁን በአፌ ነግሬያት አላውቅም። ይህን ስታነብ ትሰማዋለች።

የሱሪዋን ፎቶ በዋትስአፕ ላክሁላት፤ ስፌቱን፣ ኪሱን፣ ምልክቱን። ቆይታ በድምጽ መለሰችልኝ፦ «እትዬ፣ እኛ ሸሚዝ ነበርን፤ እኔ ኮሌታ ላይ ነበርኩ። ሱሪ ሌላ ሼድ ነው። ግን ኪሱን አየሽው? ቆንጆ አድርገው ሰፍተውታል።» ከዚያ «ለልጄ ትሆናለች ወይ?» አለችኝ። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ገና ትሰፋዋለች። በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ የሚገባ ሰው በግል ሻንጣው ይዞልኝ ሊሄድ ተስማምቷል። ሌሎቹን ልብሶች ዛሬ ጠዋት ለጎረቤቶቼ አከፋፍያለሁ።