ቢየላና ብሮንዚን፤ የአንድ አላቂ ዕቃ ታሪክ

በአውቶሞቢል ሞተር ውስጥ ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍት ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ቢየላ ይባላል። ቢየላው ክራንኩን በሚያቅፍበት ቦታ፥ በሁለቱ ብረቶች መካከል፥ ለሁለት እንደ ተከፈለ ቀለበት ያሉ ስስ ግማሽ ክቦች ይገባሉ። የጋራዥ ሠራተኞቻችን ብሮንዚን የሚሏቸው እነዚህ ናቸው፤ ቃሉም እንደ ቢየላ ሁሉ ከጣልያንኛ የተወረሰ ነው። ብሮንዚን ከክራንኩ ይልቅ ለስላሳ ሆኖ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ማለቅ ካለበት ርካሹና የሚለወጠው እንዲያልቅ ታስቧል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፥ የዚህን አላቂ ዕቃ ሁኔታ የማወቅ ኀላፊነት ከዘመን ወደ ዘመን በማን እጅ እንደ ነበረ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የነገሩ መነሻ ከአውቶሞቢል ይቀድማል። በ1839 ዓ.ም. የማሳቹሴትስ ተወላጅ የሆነው አሜሪካዊው አይዛክ ባቢት የሚዞር ዘንግ የሚያርፍበትን ቦታ በለስላሳ ማዕድን የመለበጥ ዘዴ አውጥቶ የፈጠራ መብት ተሰጠው። ማዕድኑ አብዛኛው ቲን ሆኖ ጥቂት አንቲሞኒና መዳብ የተቀላቀለበት ነበር፤ እስከ ዛሬም በስሙ ባቢት ይባላል። ጥቅሙ፥ ከዘይቱ ጋር የገባ ጥቃቅን ቆሻሻ ዘንጉን በመጫር ፈንታ በለስላሳው ማዕድን ውስጥ ሰምጦ መቅረቱ ነው።

ይሁን እንጂ ዘይት እንዴት አድርጎ ጭነት እንደሚሸከም ገና አልታወቀም ነበር። በ1883 ዓ.ም. ቢቻም ታወር የተባለው እንግሊዛዊ ኢንጂኔር የባቡር መንኰራኵር ዘንግ የሚያርፍበትን ክፍል ሲመረምር ከላይ ቀዳዳ አበጀ። ዘይቱ በቀዳዳው ወደ ላይ ይወጣ ጀመር፤ በእንጨት ውታፍ ቢደፍነው ውታፉን ገፍቶ አወጣው። የግፊት መለኪያ ሲገጥምበት በአንድ ካሬ ኢንች ከ200 ፓውንድ በላይ አነበበ፤ የጭነቱ አማካይ ግን 100 ፓውንድ ብቻ ነበር። ኦዝበርን ሬይኖልድስ በ1886 ዓ.ም. ምክንያቱን በሒሳብ አስረዳ። የሚዞረው ዘንግ ዘይቱን እየጠበበ ወደሚሄድ ክፍተት ስቦ ስለሚያስገባው ግፊት ይፈጠራል፥ ዘንጉም በዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ በደህና ሞተር ውስጥ ክራንኩና ብሮንዚኑ በሥራ ጊዜ አይነካኩም ማለት ይቻላል። ብሮንዚን በይበልጥ የሚበላው ሞተሩ ሲነሣ፥ ዘይቱ ሲያንስ፥ ሲቀጥን ወይም ሲቆሽሽ ነው።

ከ1908 እስከ 1927 ዓ.ም. ከ15 ሚሊዮን በላይ በተሠራው የፎርድ ሞዴል ቲ መኪና ውስጥ ባቢቱ ቀልጦ በቢየላው ላይ ይፈስስ ነበር። የዘይት ፓምፕ አልነበረም፤ ዘይቱ በሚዞሩት ክፍሎች እየተረጨ ይዳረስ ነበር። በሞተሩ ሥር ያለው የመመርመሪያ ክዳን ሲከፈት መካኒኩ ቢየላውን በእጁ ነቅንቆ ልቅነቱን ይለካል። ልቅ ሆኖ ካገኘውም የቢየላውን ክዳን በሞረድ ያሳሳል፥ ወይም ከመካከል ስስ የብረት ቅጠል ያወጣል፤ ቀለም ቀብቶም የሚነካውን ቦታ እያየ ይፍቃል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ብሮንዚን መመርመር የተለመደ ሥራ ነበር፤ ዕውቀቱም በመካኒኩ ጣቶች ላይ ነበር።

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ዓመታት ግን በአሜሪካ ተለዋጭ ስስ ብሮንዚን ተስፋፋ። ጀርባው ብረት፥ በላዩ የመዳብና የእርሳስ ቅይጥ፥ ከሁሉ በላይ እጅግ ስስ የሆነ ለስላሳ ሽፋን ያለው ዐይነትም ከጊዜ በኋላ በብርቱ ሞተሮች ተለመደ። የሼቭሮሌ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በፈሰሰ ባቢት እስከ 1953 ዓ.ም. ቆይቶ በ1954 ዓ.ም. ሁሉም ወደ አዲሱ ዘዴ ገባ። ልኩ ከፋብሪካ ተወስኖ ስለሚመጣ መፋቅም መሞረድም ቀረ። ሞተሩ ረጅም ዕድሜ አገኘ፤ ነገር ግን ከፍቶ የማየት ልማድ አብሮ ጠፋ። ብዙ ሰው ስለ ብሮንዚን የሚያስበው ሞተሩ ሲያንኳኳ ብቻ ሆነ።

ይህን ልማድ መልሰው ያመጡት ፈጣን መኪናዎች ናቸው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቢኤምደብልዩ ኤም 3 ሞተር 3246 ሴንቲ ሜትር ኩብና 343 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው በደቂቃ እስከ 8000 ጊዜ ይዞራል። የፒስተኑ ጉዞ 91 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ አማካይ ፍጥነቱ በሴኮንድ 24 ሜትር ያህል ነው። ፒስተኑን ለመመለስ የሚያስፈልገው ኀይል በዙር ቍጥር ካሬ ስለሚያድግ፥ ዙሩ ከ4000 ወደ 8000 ሲወጣ በቢየላው ላይ የሚደርሰው መጎተት አራት እጥፍ ይሆናል። ከ2001 እስከ 2003 ዓ.ም. በተሠሩት በአንዳንዶቹ ላይ የቢየላ ብሮንዚን ስለ ተበላሸ ኩባንያው በዘመቻ እንዲለወጥ አደረገ። በ2007 ዓ.ም. በወጣው ባለ ስምንት ሲሊንደር ኤም 3 ላይም፥ ክፍተቱ ጠብቦ ነው ወይስ ዘይቱ ወፍሮ የሚለው ክርክር ባለቤቶቹን ሞተሩ ሳያንኳኳ ብሮንዚኑን ወደ ማስለወጥ መራቸው።

የምርመራው ሥርዐት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የዘይት ናሙና በላቦራቶሪ ይታያል፤ እርሳስና መዳብ እየጨመረ ከሄደ ያስጠረጥራል። ቀጥሎ የዘይት መያዣው ኮፓ ይወርድና ክዳኖቹ በየተራ ይፈታሉ። እያንዳንዱ ክዳን ከራሱ ቢየላ ጋር የተሠራ ስለ ሆነ መቀላቀል የለበትም። የወጡት ብሮንዚኖች በተርታ ተደርድረው ይነበባሉ፤ እኩል የደበዘዘ ግራጫ ደህና ነው፥ መዳብ ከታየ ሽፋኑ አልቋል፥ ጭረት ቆሻሻ መግባቱን፥ በአንድ ጠርዝ ብቻ መበላት የቢየላውን ወይም የክራንኩን መጣመም ያመለክታል። ክራንኩ ራሱ ከተጫረ አዲስ ብሮንዚን ብቻውን አያድነውም። ደህና ከሆነ በማይክሮሜትር ይለካል፤ በተለመደው መመሪያ የዘይቱ ክፍተት የዘንጉን ውፍረት አንድ ሺሕኛ ያህል፥ ለ50 ሚሊ ሜትር ዘንግ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ተስበው የሚጠብቁት ቡሎኖች በአዲስ ይተካሉ።

ደህናውን ሞተር መክፈት ራሱ አደጋ አለው የሚሉ አሉ፤ ቆሻሻ ሊገባ፥ ቡሎን ያለ ልኩ ሊጠብቅ ይችላልና ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን ብሮንዚኑ ከቦታው ተንሸራቶ ከክራንኩ ጋር መዞር ከጀመረ ቢየላው ተሰብሮ የሞተሩን አካል ሊበሳ ይችላል፤ በጥቂት ገንዘብ የሚለወጠው ዕቃ ሙሉውን ሞተር ያስከፍላል። ስለዚህ እንደ እኛ አስተያየት፥ በታላቅ ፍጥነት ለሚሠራ ሞተር የፋብሪካው ትክክለኛነት የመካኒኩን ዐይን አልተካውም። የሞዴል ቲው መካኒክ በጣቱ ያውቀው የነበረውን የዛሬው በማይክሮሜትርና በላቦራቶሪ ያውቀዋል፤ ሁለቱም የሚሠሩት ሞተሩ ሳያንኳኳ ነው።