ስማችንን ማን ጻፈው? ከባቡሩ ዘመን እስከ ልጅ ልጆቻችን

የመጽሔቱ አዘጋጆች «አንተ ከሁሉም ቤተሰብ ጋር ትገናኛለህና የታሪክ ነገር ጻፍልን» ባሉኝ ጊዜ ደንገጥ ብዬ ነበር። ትምህርቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የቆመ ባለ ሱቅ እንጂ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ይሁን እንጂ ከድሬዳዋ ወደዚህ ከተማ መጥቼ ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ በዱቤ ደብተሬ ላይ የሰው ስም ስጽፍ ኖሬአለሁና፣ ስለ ስም አጻጻፍ ትንሽ ብናገር አያስነውረኝም ብዬ ተነሣሁ።

አባቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን መልአኩ ያወጣውን ስም በላቲን ፊደል የሚጽፈው ጸሐፊው ነው። የእኛ የስደተኞች ጣጣ የሚጀምረውም ከዚያ ላይ ነው። (ለአንባቢ እንዲመች የላቲኑን ፊደላት ሁላችንም በለመድነው በእንግሊዝኛ አጠራር እጠራቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱም፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በባቡሩ ዘመን

እንደሚታወቀው ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 ነበር። ሥራው በ1897 ከዚሁ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ሐዲዱ ቡናና ቆዳ ብቻ ሳይሆን የሰው ስምም ወደ ፈረንሳይኛ አጓጉዟል ብል ማጋነን አይሆንም። ድሬዳዋ በ«ዳ» እና በ«ዋ» መካከል ኦ እና ዩ ተጨምሮባት «ዳኡአ» ተብላ ተጻፈች። አዋሽም እንደዚሁ። የዚህች የከተማችን ስም ራሱ በዲ እና በጄ የሚጀምረው ፈረንሳዮች ያለ ዲ «ጅ»ን መጻፍ ስለማይችሉ ነው፤ ጄ ብቻዋን በእነሱ ዘንድ «ዠ» ናትና። በመካከለኛው ከተማ ያለው፣ ከ1977ቱ ነፃነት በኋላ የነፃነቱን ቀን ስም የተሰጠው አደባባይም እስከ ዛሬ በብዙዎች አፍ «ፕላስ ሜኔሊክ» ነው። ንጉሠ ነገሥታችን እንኳ እዚህ በፈረንሳይኛ ልብስ ነው የሚታወቁት።

እንግዲህ ለንጉሥ ያልቀረ ለሠራተኛ አይቀርም። አባቴ ትተውልኝ የሄዱትን አሮጌ ወረቀቶች ስመለከት፣ በ«ወልደ» የሚጀምረው ስማቸው በአንዱ ላይ በደብልዩ፣ በሌላው ላይ በኦ እና በዩ ተጽፏል። ጸሐፊው የሰማውን ጻፈ፤ አባቴም የተጻፈላቸውን ተቀበሉ። ያን ጊዜ «እንዴት ተጻፈ?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ደመወዙ ይውጣ እንጂ።

ሁለት አንባቢ፣ አንድ ስም

ችግሩ የጠነከረው በኋላ፣ ወረቀት በወረቀት ላይ ሲደራረብ ነው። ልጆቻችን ጅቡቲ ሲወለዱ የልደት ወረቀታቸው በፈረንሳይኛ ድምፅ ይጻፋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሲወጣላቸው ደግሞ አጻጻፉ የእንግሊዝኛን ድምፅ ይከተላል። ሲ እና ኤች ተጣምረው በእንግሊዝኛ «ች» ሲሆኑ በፈረንሳይኛ «ሽ» ናቸው። ስለዚህ ቻላቸው ትምህርት ቤት ሲገባ «ሻላሼው» ይባላል። ገነት በጂ ተጽፋ ስትነበብ «ዠኔ» ትሆናለች፤ ፈረንሳይኛ መጨረሻ ላይ ያለችውን ቲ አብዛኛውን ጊዜ አያነብባትምና። ሂሩትማ ከፊቷ ኤች፣ ከኋላዋ ቲ ይዋጥባትና «ኢሩ» ብቻ ሆና ትቀራለች።

«ገብረ» የሚለውን አንድ ቃል እንመልከት። አዲስ አበባ በ1947 የተከፈተው የፈረንሳይ ሊሴ «ገብረ ማርያም» ሲጻፍ፣ ጂ «ዠ» ተብላ እንዳትነበብ ከኋላዋ ዩ ገብቶላታል። በ1996 በአትላንታና በ2000 በሲድኒ ወርቅ ያጠለቀልን ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደግሞ በዓለም የስፖርት ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ «ረ» ድምፅ አልባ ሆና «ገብርሥላሴ» ተብሏል። በብዙዎቻችን ፓስፖርት ላይ ያለው ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ነው። ሦስቱም ስሕተት አይደሉም፤ ግን አንድ አይደሉም።

የቅጹም ነገር አለ። ፈረንሳይኛው ቅጽ «ኖም» እና «ፕሬኖም» ብሎ የቤተሰብ ስምና የራስ ስም ይጠይቃል። እኛ ያለን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። በ1960 የወጣውና በፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 32 ላይ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም ይኖረዋል ቢልም፣ ሕዝቡ የለመደውን አልተወም። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈውን ጀግናችንን ዓለም «ቢቂላ» ብሎ የሚጠራው በአባቱ ስም መሆኑን ስንቱ ፈረንጅ ያውቃል? የእኔም የመጀመሪያ ልጅ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቶ «አባዬ፣ አስተማሪዋ ዛሬም በአንተ ስም ጠራችኝ» ብሎኛል።

ጎረቤቶቻችንም ከዚህ አላመለጡም። ሶማሊኛ በ1972 ሶማሊያ ውስጥ የላቲን ፊደል ሲያገኝ «ሐሰን» በኤክስ መጻፍ ጀመረ፤ እዚህ ግን እስከ አሁን በኤች ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሐሰን ጉሌድ ስማቸው በኦ እና በዩ መጻፉ የፈረንሳይኛው ዘመን አሻራ ነው። በእኛም አገር በ1991 ኦሮምኛ በቁቤ መጻፍ ሲጀምር ሲ «ጭ» ሆነች። ጫልቱን በቁቤ የሚጽፉ ደንበኛዬ «እዚህ ሁሉም ‹ካልቱ› ይሏታል» ብለው ስቀው ነግረውኛል።

ወላጆች ምን ይላሉ?

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ሱቄ የመጡትን ወላጆች ጠይቄአለሁ። ሐሳባቸው አንድ ዓይነት አይደለም።

አንዲት ወጣት እናት ልጇን ሊያ ብላ ስሙን በአምስት ፊደል፣ መካከል ላይ ዋይ፣ መጨረሻ ላይ ኤች አድርጋ አስመዝግባዋለች። «ጋሼ፣ በክፍሏ ሦስት ሊያ አሉ። የእኔ እንድትለይ ብዬ ነው» አለችኝ። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ልጁን ናታንን ሲያስጽፍ ከቲ ቀጥሎ ኤች አስገብቷል። «ኤቿ ምን ትሠራለች?» ብለው «ጌጥ ናት፤ መኪናዬ ላይ እንዳለው መብራት ቁጠራት» ብሎ አሳቀኝ።

በሰው ቤት ሠርታ ልጆቿን ያሳደገች እኅታችን ግን ነገሩን በዋዛ አላየችውም። «ከአገሬ ይዤው የመጣሁት ስም ብቻ ነው። አሠሪዎቼ የእኔን አሳጥረው ጠሩኝ፤ የልጄን ማንም እንዲያሳጥርብኝ አልፈልግም። በፈለጉት ፊደል ይጻፉት፣ ብቻ ሲነበብ ራሱ ይሁን» አለች። አንድ የእስልምና እምነት ተከታይ ወንድማችን ደግሞ «መሐመድን በላቲን በስንት ዓይነት ጻፉልኝ! በዓረብኛው ግን አንድ ነው፤ ዓረብኛውን አሳያቸዋለሁ» አለኝ። ዓረብኛ ከፈረንሳይኛ ጋር የጅቡቲ የሥራ ቋንቋ በመሆኑ እሱ መመለሻ አለው። የእኛን ፊደል ግን መስኮቱ ላይ የሚያነብልን የለም።

በእኔ ቤት የደረሰው

አሁን የራሴን ልናገር። የእኔ ስም በ«ገብረ» ይጀምራል። የመጀመሪያ ልጄ እዚህ ተወለደና ስሜ በፈረንሳይኛው አጻጻፍ፣ ከነዩው ተጻፈለት። ሁለተኛዋን ባለቤቴ እናቷ ቤት ልትታረስ ድሬዳዋ ሄዳ ወለደቻት፤ በእሷ ወረቀት ላይ ስሜ ያለ ዩ ነው፤ ያውም ሁለት ቦታ ተከፍሎ። እኔም እንደ አባቴ የተሰጠኝን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። እንኳን ልከራከር፣ ልብ ብዬም አላየሁት።

ዓመታት አለፉ። ልጄ ውጭ አገር ሄዶ ሥራ ያዘና እኅቱን ለትምህርት ሊወስዳት ጀመረ። የትምህርት ቤቱ ፈቃድ መጣ፤ ገንዘቡም ተዘጋጀ። አንድ መሥሪያ ቤት ግን «የሁለቱ አባት አንድ ሰው መሆኑን አስረዱ» አለ። ምስክር፣ ትርጉም፣ ማኅተም እያልን ከጅቡቲ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ተመላለስን። ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። ወረቀቱ ሲስተካከል የምዝገባው ጊዜ አልፎ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ቦታው አልተገኘም። ልጄ ምንም አላለችኝም። እኔ ግን ያቺን አንዲት ዩ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ዛሬ ይህችው ልጄ እዚሁ አግብታ ሴት ልጅ ወልዳለች። የባለቤቴን እናት ለማስታወስ ሂሩት አልናት። ስታስመዘግባት ግን «አባዬ፣ ‹ኢሩ› ተብላ እንድትኖር አልፈልግም። ኦ ጨምሬ፣ መጨረሻ ላይም ኢ አድርጌ ልጻፈው፤ ያን ጊዜ ቲዋ ትነበባለች» አለችኝ። ጽፋ ስታሳየኝ የመጨረሻዎቹ አምስት ፊደላት በፈረንሳይኛ «መንገድ» ማለት ሆነው አገኘኋቸው። «ይህ ስም ነው ወይስ የመንገድ ምልክት? በወረቀት ምክንያት የደረሰብሽን ረሳሽው?» ብዬ ተቆጣሁ። እሷም «አልረሳሁም። ለዚህ ነው በደንብ እንዲጻፍ የምፈልገው። ያን ጊዜ ማንም አላሰበበትም ነበር» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የራሳችንስ ፊደል?

ነገሩ ሳይወሰን ለክርስትና ዝግጅት ሆነ። የልጅቱን ስም ለመሪጌታ በወረቀት ላይ በአማርኛ ጽፌ ሰጠኋቸው። አይተው ፈገግ አሉና «በሃሌታው ሀ አይደለም። ኂሩት በብዙኃኑ ኀ ነው፤ ‹ኄር› ከሚለው የወጣ ነው፤ ደግነት፣ ቸርነት ማለት ነው» አሉኝ። እኔ ፈረንሳዮች ኤቿን ዋጧት ብዬ ስከራከር፣ ለካ የገዛ ፊደሌን ራሴ አሳስቼ ኖሬአለሁ!

መሪጌታ ሌላም ነገሩኝ። በግእዝ በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን፣ በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ግን ያው የሌባው ሥራ ነው። ስለዚህ ሥርቀ ብርሃን የተባለ ልጅ በእሳቱ ሰ ከተጻፈ የብርሃን መውጣት መሆኑ ቀርቶ የብርሃን ስርቆት ይሆናል። አመተ ማርያም በአልፋው አ «የማርያም አገልጋይ» ናት፤ በዐይኑ ዓ ከተጻፈች «የማርያም ዓመት» ትሆናለች። እነ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ዕድሜያቸውን የፈጁበት፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመው ታላቁ የግእዝ መዝገበ ቃላት ይህን ልዩነት ጠብቆልናል። በአማርኛ ንግግር ድምፁ አንድ ስለሆነ ብዙዎቻችን ልብ አንለውም።

የዚያን ቀን ከልጄ ጋር ታረቅን። የላቲኑ ፊደል ለስማችን ልብስ ነው፤ አገሩን ይመስላል። እሷ የምትፈልገው በትክክል እንዲነበብ ነው፤ እኔ የምፈራው ወረቀት ከወረቀት እንዳይጣላ ነው። ሁለታችንም ለልጅቱ ነው። በመጨረሻ ከእናቷ ፓስፖርት ጋር በሚስማማው በአጭሩ አጻጻፍ እንዲሆን ተስማማን። አስተማሪዋ «ኢሩ» ብትላትስ? «ታርማታለቻ፤ አፍ አላት» አለች ልጄ።

ለወጣት ወላጆች

ከደረሰብኝ ተነሥቼ እነዚህን አደራ እላለሁ።

አንደኛ፣ የሕፃኑን ስም ገና ሳይወለድ በትልልቅ የላቲን ፊደላት በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ጸሐፊው እንዲሰማ ሳይሆን እንዲገለብጥ ስጡት። በፊደላቱ ላይ የሚደረጉትን የፈረንሳይኛ ምልክቶች የፓስፖርቱ የማሽን መስመር እንደማይቀበላቸውም አስታውሱ።

ሁለተኛ፣ ከልጁ ስም ይልቅ ለአባቱ ስም ተጠንቀቁ። ወንድማማቾችን የሚያገናኛቸው እሱ ነው። ከታላቁ ልጅ ወረቀት ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩት።

ሦስተኛ፣ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ወለተ የሚሉትን ከተከታያቸው ጋር አንድ ላይ አስገጥማችሁ አስጽፉ፤ ከተከፈሉ ግማሹ የሌላ ሰው ስም ይሆናል።

አራተኛ፣ በዋይም በኤችም ማስጌጥ መብታችሁ ነው፤ አልፈርድም። ነገር ግን ያን ጌጥ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ በየመስኮቱ ፊደል በፊደል ሲቆጥር እንደሚኖር አስቡ። አንዴ ከመረጣችሁም አትለዋውጡት።

አምስተኛና ዋነኛው፣ ልጆቻችን ስማቸውን በራሳችን ፊደል መጻፍንና ትርጉሙን ይወቁ። ይህን የትኛውም መሥሪያ ቤት አያደርግልንም።

እኔም የልጅ ልጄን የልደት ወረቀት ቅጂ አስወጥቼ፣ በጀርባው ላይ በዱቤ ደብተሬ እስክሪብቶ «ኂሩት፤ ደግነት» ብዬ ጽፌ አስቀምጬላታለሁ። ማንበብ ስትጀምር እሰጣታለሁ።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል! ፈጣሪ ልጆቻችንን ያሳድግልን፤ ስማቸውን በመልካም ያስጠራልን።